ልኩ አልያዝ ያለ ዋሻ፦ በስታፋ ደሴት ፎቶ የማንሳት ጉዳይ

ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ወጣ ብሎ፣ ሄብሪዲስ ከሚባሉት ደሴቶች መሃል፣ ስታፋ የምትባል ሰው የማይኖርባት ደሴት አለች። ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወርዷ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ጠቅላላ ስፋቷ 33 ሄክታር፣ ከፍተኛ ቦታዋ ከባሕር ጠለል 42 ሜትር ነው። ሰው ባሕር አቋርጦ የሚሄድባት ደቡባዊ ጫፏ ላይ ላለ አንድ ዋሻ ብሎ ነው፤ የፊንጋል ዋሻ ይባላል። ወለሉ የባሕር ውሃ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽም አይደርቅም። ግድግዳው ጎን ለጎን በቆሙ፣ አብዛኞቹ ስድስት ማዕዘን ባላቸው የባዛልት ዓምዶች የተሞላ ነው። ጣሪያው ደግሞ ዓምዶቹ ተሰብረው የቀሩበት ጫፍ ነው።

እዚህ የምመረምረው ጉዳይ ፎቶ ነው። ዋሻው ከ1772 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተለክቷል፣ ተስሏል፣ ስሙን የያዘ ሙዚቃ ወጥቶለታል፣ ከ1860ዎቹ ወዲህ ደግሞ ፎቶ ሲነሳ ኖሯል። የወጡትን ምስሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን ግራ ይጋባል። አንዱ ላይ ዋሻው ትልቅ ካቴድራል የሚውጥ ይመስላል፤ ሌላው ላይ ሰው አጎንብሶ የሚገባበት ጉድጓድ ነው የሚመስለው። ሁለቱም የአንድ ዋሻ ምስል ናቸው። ፎቶ አንሺዎች ስለዚህ ቦታ ሲያወሩ ወሬያቸው በአብዛኛው ስለ ጨለማውና ስለ ብርሃኑ ነው። እኔ ግን የዚህ ዋሻ ዋናው ጣጣ ልክ ነው ባይ ነኝ። የብርሃኑን ነገር ካሜራው ይወጣዋል። ልኩን የሚወስነው ግን ፎቶ አንሺው የት እንደቆመና በምስሉ ውስጥ ማንን የት እንዳስገባ ነው።

ዓይን የሚይዘው ነገር ሲያጣ

ድንጋዩ ከ55 እስከ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። በሰሜን አየርላንድ ጠረፍ ያለው ታዋቂው ዓምዳማ ድንጋይም የዚያው ዘመን እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነው። የቀለጠው ዐለት ሲበርድ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ዝናብ ያቆረው ጭቃ ደርቆ እንደሚሰነጣጠቀው ይሰነጠቃል። ልዩነቱ፣ ስንጥቁ ከሚበርደው ገጽ ተነስቶ ወደ ውስጥ እየጠለቀ ስለሚሄድ ረጃጅም ዓምዶች ይፈጥራል። በዓባይ በረሃ መንገድ ወርዶ የወጣ ሰው ከመኪና መስኮት እንዲህ ዓይነት ድንጋይ አይቶ ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር ከፍታ ቦታዎች ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ስላለው ከስታፋው በብዙ ያንሳል፤ የዓምዶቹ አፈጣጠር ግን አንድ ነው።

የስታፋን ገደል ከባሕር ላይ ሆኖ ያየ ሰው ሦስት ንብርብር ይለያል። ከታች ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ መሠረት አለ። መሃሉን ቀጥ ብለው የቆሙት ዓምዶች ይዘውታል። ከላይ ያለው ደግሞ በቅጡ ያልተደረደረ፣ የተጠማዘዘና የተሰባበረ ድንጋይ ነው፤ ያ ክፍል ከመሃሉ ይልቅ ቶሎና ወጥ ባልሆነ መንገድ ስለበረደ ነው እንዲህ የሆነው። ባሕሩ ዋሻውን የቦረቦረው በመሃለኛው ንብርብር በኩል ነው። ዓምዶቹ ቀድሞ በተፈጠረው ስንጥቅ እየተላቀቁ ስለሚወድቁ፣ የቀረው ግድግዳ ሰው ጠርቦ ያቆመው እስኪመስል ቀጥ ብሎ ቀረ።

የልኩ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዓይናችን የአንድን ነገር ትልቅነት የሚገምተው አጠገቡ ካለ ከሚያውቀው ነገር ጋር እያስተያየ ነው፤ ከበር፣ ከደረጃ፣ ከዛፍ፣ ከከብት። ስታፋ ላይ ዛፍ የለም፣ ዋሻው ውስጥ ደግሞ በር ወይም ደረጃ አይታይም። ያለው ዓምድ ነው። የዓምዶቹ ውፍረት የተለያየ ከመሆኑም በላይ ዓይን ስለ ባዛልት ዓምድ ቀድሞ የሚያውቀው ልክ የለውም። ስለዚህ አንድ ሜትር የሚሆነውን ስባሪ አሥር ሜትር ነው ቢሉት፣ ፎቶ ላይ የሚያየው ሰው ያምናል።

117 ጫማ ከ6 ኢንች

ጆሴፍ ባንክስ ከካፒቴን ኩክ ጋር ዓለምን ዞሮ የተመለሰ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በኦገስት 1772 ወደ አይስላንድ ሲጓዝ፣ መንገዱ ላይ ስለ ደሴቲቱ ሰምቶ ሄደ። ሥዕል የሚሠሩ ባለሙያዎችም አብረውት ነበሩ፤ በዘመኑ የካሜራን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ባንክስ ዋሻውን አድንቆ ብቻ አልተመለሰም፣ ለካው። ከቅስቱ እስከ ውስጠኛው ጫፍ 250 ጫማ፣ የበሩ ወርድ 53 ጫማ ከ7 ኢንች፣ የቅስቱ ቁመት 117 ጫማ ከ6 ኢንች፣ በሩ ላይ የውሃው ጥልቀት 18 ጫማ ብሎ ጻፈ። በሜትር ስናስበው ርዝመቱ 76፣ ወርዱ 16፣ ቁመቱ 36 ገደማ ይሆናል።

ርዝመቱ ዛሬ ከሚባለው ብዙ አይርቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ልኬት 227 ጫማ ርዝመት፣ 42 ጫማ ወርድና 66 ጫማ ቁመት የሚለው ነው። ደሴቲቱን ዛሬ የሚያስተዳድረው የስኮትላንድ ብሔራዊ ትረስት ደግሞ 270 ጫማ ርዝመትና 72 ጫማ ቁመት ይላል። በሜትር ርዝመቱ ከ69 እስከ 82፣ ቁመቱ ከ20 እስከ 22 ማለት ነው። የ66 እና የ72 ልዩነት አያስገርምም፤ በአካባቢው የባሕሩ ውሃ በትልቁ ሙላትና በትልቁ ጉድለት መካከል ከ3 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ከየትኛው የውሃ ጠርዝ ተለካ የሚለው ብቻ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል። የባንክስን 36 ሜትር ግን ውሃው አያብራራውም። 36 ሜትር ማለት ከራሷ ከደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታ በ6 ሜትር ብቻ የሚያንስ ነው! ርዝመትን በገመድ መያዝ ይቻላል። ቁመትን ከታች ሆኖ ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ የሰለጠነ ተመራማሪ እንኳ በዚህ ዋሻ ቁመት ላይ ከግማሽ በላይ ጨምሮበታል።

የባንክስ ዘገባ በ1774 ቶማስ ፔናንት በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ከሥዕሎቹ ጋር ታተመ። የሚገርመው ፔናንት ራሱ በዚያው በ1772 በጋ (የአውሮፓ በጋ ከጁን እስከ ኦገስት ነው) በአካባቢው ሲያልፍ ባሕሩ ስላስቸገረው ደሴቲቱ ላይ ሳይወርድ ነበር የቀረው። በዓመቱ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰንና ጓደኛው ቦስዌል መጡ፤ እነሱም ደሴቲቱን በሩቁ አይተው ማዕበሉ ሳያስወርዳቸው ተመለሱ። ሰው በባንክስ ቁጥርና በታተሙት ሥዕሎች ዋሻውን ሳያይ ማወቅ ጀመረ። ሥዕሎቹ ላይ ዓምዶቹ ከእውነታው ይልቅ የተስተካከሉ፣ ቅስቱም የሰው እጅ የሠራው መስሎ የቀረበ ነው። ባንክስ በጽሑፉ፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ሰው የሠራቸው ካቴድራሎችና ቤተ መንግሥቶች መጫወቻ ናቸው ብሎ ነበርና፣ ከሱ በኋላ የመጣውም ዋሻውን በካቴድራል ዓይን ያይ ጀመር። ፎቶ አንሺዎች ዛሬም ከዚህ አልወጡም፤ አብዛኛው ሰው ካሜራውን በቁመቱ ይዞ ቁመት እያሳደደ ያነሳል። ዋሻው ግን ከቁመቱ ርዝመቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

በ1829 የመጣው ወጣቱ ጀርመናዊ ሙዚቀኛ ሜንደልስዞን ዋሻውን ሳያዩ የማወቁን ነገር ይበልጥ ያጠናክረዋል። በዋሻው ስም የሚታወቀውን ሥራውን መክፈቻ ኖታ ለቤተሰቡ በደብዳቤ የላከው ኦገስት 7 ቀን ነው፤ ስታፋ የደረሰው በማግስቱ። ዜማው ከዋሻው ተወለደ ተብሎ ይወራል፤ ቀኑ ግን ዋሻውን ከማየቱ በፊት እንደተጻፈ ነው የሚያሳየው። በጉዞው ቀን ባሕሩ ክፉኛ አሞት ነበር። አብሮት የሄደው ጓደኛው ግን የዋሻውን ውስጥ እጅግ ግዙፍ በሆነ ኦርጋን፣ በቧንቧዎች በተሠራው የሙዚቃ መሣሪያ፣ መስሎታል።

ሠዓሊው ተርነር በ1831 መጣ። እኔ ከሁሉም በላይ ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል የምለው የሱን ሥራ ነው። በ1832 ለዕይታ ያቀረበው ሥዕል ስሙ ስታፋና የፊንጋል ዋሻ ይሁን እንጂ ዋሻው በጉልህ አይታይበትም። የሚታየው በጉም የተሸፈነ ገደል፣ ከባድ ባሕር፣ ጭስ የሚተፋ አንድ የእንፋሎት መርከብና ዝቅ ያለች ፀሐይ ናቸው። ተርነር በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከተሳፋሪው ገሚሱ ዋሻው እንደገባ፣ ገሚሱ እንደቀረ፣ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ሲገባ ቦታው የሚያስደስትም የሚያስተማምንም እንዳልሆነ ይናገራል። በ1845 ሥዕሉን የገዛው አሜሪካዊ ደብዘዝ አለብኝ ብሎ ቅር እንዳለው ይነገራል። ለእኔ ግን የደሴቲቱን ልክ ከሌሎቹ በተሻለ የያዘው ይህ ሥዕል ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ያችው መርከብ ናት። መርከብ ምን ያህል እንደሆነች ዓይን ያውቃል።

በ1847 ንግሥት ቪክቶሪያ ከባሏ ጋር መጣች፤ እኛ በዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የምናውቃት ያችው ንግሥት። ባሕሩ ረግቶ ስለነበር ጀልባዋ እየተቀዘፈ እስከ ውስጥ ገባ። እሷን ባሕሩ አስተናገዳት፣ ፔናንትንና ጆንሰንን መለሳቸው። በዚህ ጉዳይ ማዕረግ ዋጋ የለውም፤ የዕለቱ ማዕበል ነው ቁም ነገሩ።

ካሜራ ስታፋ ሲደርስ ሥራው የዛሬው ዓይነት አልነበረም። የአበርዲኑ ፎቶ አንሺ ጆርጅ ዋሽንግተን ዊልሰን በ1860ዎቹ ዋሻውን አንስቶ ሸጧል። የዘመኑ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ በኬሚካል ይቀባል፣ እርጥብ እንዳለ ካሜራ ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅ ደግሞ በጨለማ ይታጠባል። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ ስላለበት ጨለማ ክፍሉ ድንኳን ሆኖ ከፎቶ አንሺው ጋር ይጓዛል። ዛሬ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሥር ፎቶ በአንድ ትንፋሽ የሚያነሳ ሰው፣ ያን ሁሉ ጠርሙስና መስታወት በጀልባ ጭኖ በዚያ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ የወጣውን ሰው ቢያስብ አይጎዳም።

አንድ ሰዓት

ዛሬ ከግላስጎው ስታፋ ለመድረስ ባቡር፣ መርከብ፣ አውቶቡስና ጀልባ ይፈራረቃሉ። ባቡሩ ኦበን የምትባለው የወደብ ከተማ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ መኪና ጭምር የሚጭነው መርከብ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ መል ደሴት ያደርሳል። መልን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው መንገድ አብዛኛው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ ከፊት መኪና ሲመጣ አንዱ ጥግ ይዞ ይጠብቃል። መጨረሻው ፊንፎርት የምትባል ትንሽ መንደር ናት። ከዚያና ከአጠገቧ ካለችው ከአዮና ደሴት ትንንሾቹ የጉብኝት ጀልባዎች ወደ ስታፋ ይነሳሉ። ከኦበን፣ ከቶበርሞሪና ከኡልቫ ማዶ የሚነሱም አሉ። ወቅቱ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ገደማ ነው፤ በእነሱ ክረምት፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ የአትላንቲክ ማዕበል አያስጠጋም። መል ላይ ሳያድሩ ደርሶ መልስ እሄዳለሁ ማለት ይቻላል፣ ግን የፎቶ ሰው ከሆኑ አያዋጣም። ቀኑ ሲበላሽ በማግስቱ ለመሞከር እዚያው መገኘት ያስፈልጋል።

ደሴቲቱ ላይ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ጀልባው በምሥራቅ በኩል ካለው ማቆሚያ ያወርዳል። ከዚያ በተሰበሩት ዓምዶች አናት ላይ፣ በገደሉ ላይ የተዘረጋውን መያዣ እየተደገፉ ወደ ዋሻው ይሄዳሉ፤ ወይም ደረጃውን ወጥተው ወደ ደሴቲቱ አናት። አናቱ ላይ ከሜይ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ድረስ ፓፊን የሚባሉት ደማቅ ምንቃር ያላቸው የባሕር ወፎች ይራባሉ። የሚበዙት በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ ሰው ሲጠጋቸው ከመሸሽ ይልቅ ቀረብ ይላሉ፣ የሚያድኗቸውን ትልልቅ ወፎች ሰው ስለሚያርቅላቸው ነው ይባላል። ለፎቶ ዓይን የሚያሳሳ ነገር ነው። ዋሻውና ወፎቹ በሁለት ተቃራኒ ጫፍ መሆናቸው ግን ሰዓቱን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። እኔ ብጠየቅ፣ ለዋሻው የመጣ ሰው ወፎቹን ለሌላ ቀን ቢተው ይሻለዋል። አንድ ሰዓት ሁለቱን ይበቃል የሚል ሰው በሁለቱም የችኮላ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

ሌላም የሚያጣብብ ነገር አለ። በዋሻው ውስጥ የሚያስኬደው መንገድ በአንድ ወገን ብቻ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ በተሰበሩ ዓምዶች ላይ የሚያልፍ ጠባብ ነገር ነው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የዘረጋ ሰው ኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል። ድንጋይ የመናድ ስጋት ሲኖር ደግሞ ወደ ውስጥ መግባት የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ፎቶው ከደፉ ላይ ይሆናል።

ብርሃኑ

የዋሻው በር ወደ ደቡብ ገደማ ያያል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲታይ ከአድማሱ ላይ አዮና ትገኛለች። ስታፋ ከምድር ወገብ 56 ዲግሪ ከፍ ያለች ስለሆነች ፀሐይ በጁን አጋማሽ እንኳ ከ57 ዲግሪ በላይ አትወጣም። 20 ሜትር ከፍታ ባለው ቅስት ሥር በዚያ ማዕዘን የገባች ፀሐይ ውሃው ላይ 13 ሜትር ያህል ብቻ ትዘልቃለች። በሴፕቴምበር መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ 33 ዲግሪ ገደማ ስለምትሆን 30 ሜትር ድረስ ትገባለች። የዋሻው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በጉብኝት ወቅት የውስጠኛው ክፍል ቀጥተኛ ፀሐይ አያይም፤ የሚያየው ውሃው ላይ ነጥሮ የሚገባውን ነው። ለውስጡ ፎቶ ኦክቶበር ከጁን የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በኦክቶበር ያለው ችግር ጀልባው ይወጣል ወይ የሚለው ነው። ቀትር የሚሉትም ሰዓታቸው እንደሚለው አይደለም። ቦታው ከግሪኒች በስተምዕራብ ስለሆነና በበጋ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚያስቀድሙ፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው በእነሱ 13፡25 ገደማ፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው።

ከውስጥ ሆነው ወደ በሩ ሲያነሱ ሰማዩ ይነድዳል፣ ግድግዳው ይጠቁራል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሮው ፋይል (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ)፣ ሦስት ኤክስፖዠር (አንዱን ቦታ በሦስት የብርሃን መጠን ማንሳት)፣ በኋላ ማዋሃድ። ውሃው በሦስቱ መካከል ስለሚንቀሳቀስ የውሃውን ክፍል ከአንዱ ብቻ መውሰድ ይሻላል። ካሜራው በራሱ የሚመርጠው የቀለም ሚዛን ሁሉን ነገር ሰማያዊ ሲያደርገው ይታያል፤ ግድግዳው ላይ ግን ቡናማም፣ ቀላም፣ የአልጌ አረንጓዴም፣ ጣሪያው ላይ በዓምዶቹ ጫፎች መሃል ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለም አለ። ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ማጣሪያ መስታወት፣ ፖላራይዘር፣ የእርጥቡን ድንጋይ ብልጭታ ያጠፋል፣ ብርሃን ግን ይበላል፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ከበሩ አካባቢ ውጭ አልጠቀምበትም። ፍላሽ የቅርቡን ድንጋይ አንጥቶ የሩቁን ስለሚያጨልም ቦርሳ ውስጥ ይቅር።

ልኩ እንዴት ይያዛል

ዋሻው በር ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሰፊውን ሌንስ ማውጣት ነው፣ ስልክ የያዘውም 0.5 የምትለዋን መንካት። 14 ወይም 16 ሚሊ ሜትር የሚባለው ሰፊ ሌንስ የቅርቡን ዓምድ ያገዝፋል፣ የኋላውን ግድግዳ ያርቃል፤ ዋሻው ከእውነቱ የረዘመ ሆኖ ይወጣል። ካሜራውን ወደ ላይ ሲያቀኑት ደግሞ ዓምዶቹ ወደ መሃል ይጋደላሉ፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ካሜራውን ከአድማሱ ጋር እኩል ይዞ፣ የታችኛውን ትርፍ በኋላ መቁረጥ ይሻላል። በስልክም ቢሆን ዋናው ሌንስ በጨለማ ከሰፊው የተሻለ ስለሚያይ፣ በሱ ተደራራቢ ፎቶዎች አንስቶ ማገጣጠም የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ሁለተኛው ልማድ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) አዘግይቶ ውሃውን እንደ ጉም ማለስለስ ነው። ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ በዚህ ዋሻ ላይ አልስማማበትም። ማዕበል ዋሻው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ዓይን በመጠኑ የሚያውቀው ብቸኛው ነገር ነው። ግድግዳው ላይ ተሰብሮ የሚረጨው ውሃ ትንሽ መሆኑ ወይም ትልቅ መሆኑ ይታያል። ሲለሰልስ ያች ምልክት ትጠፋለች፣ ዋሻው እንደገና ልክ አልባ ይሆናል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጎ በ1/250 ሰከንድ ማንሳት ትንሽ ሻካራ ምስል ይሰጣል፤ ያን መቻል ነው።

የቀረው ሰው ነው። 1.70 ሜትር የሚሆን ሰው 20 ሜትር ከሚሆን ቅስት አንድ አሥራ ሁለተኛ ገደማ ነው፤ ፎቶ ላይም ያችን ያህል ሲሆን ልኩ ተያዘ ማለት ይቻላል። ወሳኙ ግን ሰውየው የሚቆምበት ቦታ ነው። ካሜራው አጠገብ ከቆመ ራሱ ገዝፎ ዋሻውን ያሳንሰዋል። መጨረሻው ላይ፣ 70 ሜትር ርቆ፣ ከቆመ ነጥብ ይሆንና የፊት ለፊቱን ቅስት የባንክስን 36 ሜትር ያስመስለዋል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አስደናቂ ፎቶዎች በአብዛኛው በዚህ መንገድ የተሠሩ ይመስለኛል፤ ሐሰት አይደሉም፣ ግን ዋሻውን ያላየ ሰው ያልሆነ ቁመት ይዞ ይቀራል። ሰውየው ከቅስቱ ጋር በአንድ መስመር፣ ልክ በሩ ላይ ሲቆም ብቻ ሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ይሆናሉ፣ የአንዱ ልክ ለሌላው ይመሰክራል።

ያን ፎቶ ግን ከመንገዱ ላይ ሆኖ በደንብ ማንሳት ያስቸግራል፤ መንገዱ ጎን ላይ ስለሆነ ቅስቱ ሙሉ አይታይም። የሚነሳው ከባሕሩ ነው። ባሕሩ ሲፈቅድ የጀልባው ነጂ ሰው ከማውረዱ በፊት ወይም ከጫነ በኋላ ዋሻው ፊት ለፊት ትንሽ ይቆማል። በሩ ላይ ሰው የሚገኘው ሌላ ጀልባ ቀድሞ ካወረደ ነውና፣ ዕድሉ ያለው ብዙ ጀልባ በሚመጣበት የበጋ ቀትር ነው፤ ፎቶ አንሺዎች ሕዝብ በዛ ብለው የሚሸሹት ሰዓት። ሩቁን የሚያቀርበው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ይበቃል። ጀልባው ስለሚናጥ ሹተሩ ከ1/500 ባይወርድ፣ ትራይፖድ የሞተሩን ንዝረት ወደ ካሜራው ስለሚያስተላልፍ በእጅ መያዝ። ጨው ያለበት ርጭት ሌንሱ ላይ ሲደርቅ ስለሚያደበዝዝ ደረቅ ጨርቅ ከኪስ አይጥፋ፤ ካሜራውም እስከዚያች ደቂቃ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይቆይ።

ድሮን ይህን ሁሉ አያቃልልም ወይ ለሚል፣ ደሴቲቱ ባለቤት አላት። በ1986 አንድ የኒውዮርክ ሰው ለሚስቱ የልደት ስጦታ አድርጎ ገዝቶ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ትረስት ሰጣት፤ በ2001 ደግሞ ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነች። ገደሉ ላይ ወፍ ስለሚራባ ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት የሚታሰብ አይደለም። ከዚያም አልፎ፣ ከላይ የተነሳ ፎቶ ሣር የለበሰ ጠፍጣፋ አናት ነው የሚያሳየው፤ ዋሻው ከሥሩ ይደበቃል።

ማዕበሉ አላስወርድ ባለ ቀንም ጀልባው ብዙ ጊዜ እስከ ደሴቲቱ ፊት ደርሶ ነው የሚመለሰው። ያኔ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ስለማይኖር ሌላ መለኪያ መፈለግ ነው። ከፊት ያለፈ ሌላ ጀልባ ከተገኘ እሱን ከገደሉ ጋር በአንድ ፍሬም ማስገባት፤ ካልተገኘ ደግሞ ሰፋ አድርጎ ከሦስቱ ንብርብር ጋር ገደሉን በሙሉ መያዝ፣ ቅስቱን ብቻ አለመቁረጥ። አናቱ 42 ሜትር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከዚያ ፎቶ ላይ የዋሻውን በር በማስመሪያ ለክቶ ሊያገኘው ይችላል።